አብዱላህ ኢብራሂም፡- ከኬፕታውን እስከ ዓለም መድረክ የዘለቀ የፒያኖ ድምፅ

ደቡብ አፍሪካዊው የጃዝ ፒያኒስትና የሙዚቃ ደራሲ አብዱላህ ኢብራሂም በአፍሪካ የዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ጉልህ ስፍራ ከያዙ ባለሙያዎች አንዱ ናቸው። እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ ዶላር ብራንድ በሚለው ስም ይታወቁ የነበሩት ፒያኒስቱ፣ ከስድሳ ዓመታት በላይ በዘለቀው የሙያ ሕይወታቸው የቤተ ክርስቲያን መዝሙርን፣ የኬፕታውንን የጎዳና ጭፈራ፣ የጆሃንስበርግን የመንደር ሙዚቃና የአሜሪካን ጃዝ በአንድ ፒያኖ ላይ አዋሕደዋል። "ማነንበርግ" የተሰኘው ሥራቸውም በአፓርታይድ ሥርዓት ላይ በተካሄደው ትግል ውስጥ በብዙኃኑ ዘንድ እንደ ሕዝብ መዝሙር ሲቆጠር የቆየ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልደትና አስተዳደግ

አብዱላህ ኢብራሂም አዶልፍ ዮሃንስ ብራንድ በሚለው የልደት ስማቸው ኦክቶበር 9 ቀን 1934 በኬፕታውን ከተማ ተወለዱ። አባታቸውን በሕፃንነታቸው በማጣታቸው ያደጉት በእናታቸውና በአያታቸው እጅ ነው። አያታቸው የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ፒያኖ ተጫዋች ስለነበሩ፣ ሕፃኑ ከሁሉ አስቀድሞ የሰማው ሙዚቃ የመዝሙር ዜማ ነበር። በሰባት ዓመታቸው መደበኛ የፒያኖ ትምህርት የጀመሩ ሲሆን፣ በአሥራ አምስት ዓመታቸው ገደማ ደግሞ በዳንስ ባንዶች ውስጥ እየተከፈላቸው መጫወት ጀምረዋል።

ኬፕታውን የወደብ ከተማ በመሆኗ የልዩ ልዩ ሕዝቦች ሙዚቃ በአንድነት ይሰማባት ነበር። በየዓመቱ በአዲስ ዓመት ማግሥት በሚካሄደው የጎዳና ትርኢት "ጉማ" በተባለው ከበሮ የሚመራ ፈጣን ምት ይደመጣል። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ በባርነትና በግዞት የመጡት ሙስሊሞች ተወላጆችም የራሳቸው የኅብረት ዝማሬ አላቸው። ከዚህም በተጨማሪ ከጆሃንስበርግ የሚመጣው የማራቢ ሙዚቃና በመርከበኞች አማካይነት የሚገባው የአሜሪካ ጃዝ ነበር። ወጣቱ ፒያኒስት "ዶላር" የሚለውን ቅጽል ስም ያገኙት ከአሜሪካውያን መርከበኞች የጃዝ ሸክላዎችን በዶላር ይገዙ ስለነበር እንደሆነ ይነገራል።

ይሁን እንጂ አስተዳደጋቸው የሙዚቃ ብቻ አልነበረም። በ1948 ሥልጣን የያዘው መንግሥት በ1950 ባወጣው የሕዝብ ምዝገባ ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ሰው በዘሩ ተለይቶ ተመዘገበ። በዚሁ ዓመት የወጣው የመኖሪያ አካባቢዎች ሕግ ደግሞ ማን የት መኖር እንደሚችል ወሰነ። ወጣቱ ፒያኒስት "ክልስ" በሚለው መደብ ሥር ተመደቡ። አንድ ሙዚቀኛ ከማን ጋር እንደሚጫወት፣ በየትኛው አዳራሽና ለየትኛው ታዳሚ እንደሚቀርብ ሳይቀር ከዚህ ምደባ ጋር ተያያዘ።

ጃዝ ኤፒስልስ

በ1959 የተቋቋመው "ጃዝ ኤፒስልስ" የተሰኘ ባንድ ለደቡብ አፍሪካ ጃዝ አዲስ ምዕራፍ ከፍቷል። በባንዱ ውስጥ ከፒያኒስቱ ጋር ትራምፔት ተጫዋቹ ሂዩ ማሴኬላ፣ ትሮምቦን ተጫዋቹ ጆናስ ጓንግዋ እና አልቶ ሳክስፎን ተጫዋቹ ኪፒ ሙኬትሲ ይገኙበት ነበር። ከእነዚህ ውስጥ በዕድሜም በልምድም የቀደሙት ሙኬትሲ የአሜሪካውያኑን የቻርሊ ፓርከርንና የቴሎኒየስ መንክን ሥራዎች ጠንቅቀው የሚያውቁ በመሆናቸው ለወጣቶቹ እንደ መምህር ይቆጠሩ ነበር።

ባንዱ በ1960 መጀመሪያ የቀረጸው "ጃዝ ኤፒስል ቨርስ ዋን" የተሰኘ ሥራ በጥቁር ደቡብ አፍሪካውያን ባንድ የተሠራ የመጀመሪያው ሙሉ የጃዝ ሸክላ እንደሆነ ይታወቃል። መጀመሪያ የታተመው በ500 ቅጂ ብቻ ነበር። ሸክላው ለገበያ ያህል ያልተሠራ፣ ደቡብ አፍሪካውያን ሙዚቀኞች ረቂቅ የሆነውን ዘመናዊ ጃዝ በራሳቸው ድርሰት መጫወት እንደሚችሉ ያረጋገጠ ሥራ ነው።

የባንዱ ዕድሜ ግን አጭር ሆነ። ማርች 21 ቀን 1960 በሻርፕቪል ከተማ የይለፍ ወረቀት ሕግን በመቃወም በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ፖሊስ ተኩስ ከፍቶ 69 ሰዎች ተገደሉ። ይህን ተከትሎ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የፖለቲካ ድርጅቶች ታገዱ፤ ስብሰባዎችም ተከለከሉ። የልዩ ልዩ ዘር ተወላጆች አብረው የሚታደሙባቸው የጃዝ ምሽቶችም በዚያው ተዳከሙ። ማሴኬላ በዚያው ዓመት አገራቸውን ለቀው ወጡ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው።

የመጀመሪያው ስደትና የዱክ ኤሊንግተን ድጋፍ

ፒያኒስቱ በ1962 ከድምፃዊት ሳቲማ ቢ ቤንጃሚን ጋር ወደ ስዊዘርላንድ አቀኑ። ብዙም ሳይቆይ የባንዳቸው አባላት የሆኑት የኮንትራባስ ተጫዋቹ ጆኒ ገርትዝና ድራም መቺው ማካያ ንቾኮ ተቀላቅለዋቸው በዙሪክ ከተማ "ካፌ አፍሪካና" በተባለ ቤት ሥራ ጀመሩ።

በ1963 መጀመሪያ ታላቁ አሜሪካዊ የጃዝ ደራሲ ዱክ ኤሊንግተን ለትርኢት ዙሪክ በገቡበት ወቅት ሳቲማ መድረክ ጀርባ ድረስ ሄደው የጓደኛቸውን ባንድ መጥተው እንዲሰሙ አግባቧቸው። ኤሊንግተን በሰሙት በመደነቃቸው ሙዚቀኞቹ በቀናት ውስጥ ወደ ፓሪስ ተጠርተው ሸክላ እንዲቀርጹ አደረጉ። "ዱክ ኤሊንግተን የዶላር ብራንድ ትሪዮን ያቀርባሉ" በሚል ርእስ የወጣው ይህ ሥራ የኤሮፓና የአሜሪካ በሮችን ከፍቷል። በዚያው ወቅት የተቀረጸው የሳቲማ ሥራ ግን ለአድማጭ ሳይደርስ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ በ1990ዎቹ ብቻ ለኅትመት በቅቷል።

ጥንዶቹ በ1965 ተጋብተው ወደ ኒው ዮርክ ተሻገሩ። ፒያኒስቱ በዚያው ዓመት በኒውፖርት የጃዝ ፌስቲቫል ላይ ተጫወቱ። በ1966 ደግሞ በኤሊንግተን ምትክ ኦርኬስትራቸውን በመምራት የተወሰኑ ዝግጅቶችን አቅርበዋል። በቀጣዩ ዓመት ከሮክፌለር ፋውንዴሽን ባገኙት ድጋፍ በጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመማር በቅተዋል።

የእምነትና የስም ለውጥ

በ1968 ወደ ኬፕታውን ሲመለሱ የእስልምናን እምነት ተቀብለው አብዱላህ ኢብራሂም የሚለውን ስም ያዙ። በ1970 የሐጅ ሥርዓትን ለመፈጸም ወደ መካ ተጉዘዋል። በነዚህ ዓመታት በስዋዚላንድ፣ በኬፕታውንና በኤሮፓ እየተመላለሱ ይኖሩ ነበር።

የሕይወት ለውጣቸው በሙዚቃቸው ላይም ታይቷል። በ1969 በኮፐንሃገን በሕዝብ ፊት የተቀረጸው "አፍሪካን ፒያኖ" የተሰኘ ሥራ ያለምንም አጃቢ በፒያኖ ብቻ የቀረበ ሲሆን፣ አንዱ ዜማ ሳይቋረጥ ወደሌላው የሚሸጋገርበት አቀራረብ ከዚያ በኋላ የፒያኒስቱ መለያ ሆኗል። በ1973 ከደቡብ አፍሪካዊው የኮንትራባስ ተጫዋች ጆኒ ዲያኒ ጋር የቀረጹት "ጉድ ኒውስ ፍሮም አፍሪካ" ደግሞ የኾሳ ባህላዊ ዜማንና እስላማዊ ዝማሬን ያጣመረ ነው።

"ማነንበርግ"

የኬፕታውን መሐል ክፍል የነበረው "ዲስትሪክት ሲክስ" የልዩ ልዩ እምነትና ዝርያ ያላቸው ሰዎች ለብዙ ትውልድ አብረው የኖሩበት፣ ሙዚቃ የማይለየው ሰፈር ነበር። በ1966 መንግሥት አካባቢውን ለነጮች ብቻ የተከለለ ነው ሲል አወጀ። በቀጣዮቹ ዓመታት ከ60,000 በላይ የሚሆኑ ነዋሪዎች ቤታቸው ፈርሶ ከከተማው ርቀው በሚገኙት አሸዋማ ሜዳዎች ላይ ወደተሠሩ መንደሮች እንዲሄዱ ተደረገ። ከነዚህ መንደሮች አንዱ ማነንበርግ ነበር። በጽሕፈት ቤት የተፈረመ አንድ ውሳኔ ጎረቤትን ከጎረቤት፣ ምእመንን ከጸሎት ቤቱ፣ ሙዚቀኛንም ከታዳሚው ነጠለ።

በ1974 አብዱላህ ኢብራሂም ከቴነር ሳክስፎን ተጫዋቹ ቤዝል ኩትዚ፣ ከአልቶ ሳክስፎን ተጫዋቾቹ ሮቢ ጃንሰንና ሞሪስ ጎልድበርግ እንዲሁም ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር በኬፕታውን ስቱዲዮ ገቡ። አሳታሚው በጆሃንስበርግ የሸክላ መሸጫ የነበራቸው ራሺድ ቫሊ ነበሩ። በዚያ ቀረጻ ላይ በቅጽበት በተፈጠረ ስሜት የተጫወቱት፣ ከአሥራ ሦስት ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ዜማ የመንደሩን ስም ያዘ።

"ማነንበርግ" በአወቃቀሩ እጅግ ቀላል ነው። ፒያኖው በማራቢ ስልት ጥቂት ኮርዶችን ያለማቋረጥ ያመላልሳል፤ ሳክስፎኖቹ በላዩ ላይ እየተቀባበሉ ይናገራሉ። ማንም ሊያንጎራጉረው የሚችል፣ ለውዝዋዜም የሚመች ዜማ ነው። ይሁን እንጂ በውስጡ የቤተ ክርስቲያኑ መዝሙር፣ የአዲስ ዓመቱ ከበሮና የመንደር ጭፈራው በአንድነት ስለሚሰሙ፣ ከሰፈራቸው የተፈናቀሉት ሰዎች የራሳቸው ድምፅ ሆኖ አገኙት። ሸክላው በአጭር ጊዜ ውስጥ በአገሪቱ የጃዝ ገበያ ከዚያ በፊት ያልታየ ሽያጭ አስመዘገበ።

ዜማው ግጥም የሌለው በመሆኑ ለሳንሱር ሠራተኞች የሚያዝ ቃል አልነበረውም። በ1980ዎቹ ኩትዚና ጃንሰን በፀረ አፓርታይድ የሕዝብ ስብሰባዎች ላይ ደጋግመው ተጫውተውታል። ኩትዚ የዜማው ስም እስከ ዕለተ ሞታቸው ቅጽል ስማቸው ሆኖ ቀርቷል። በሌላ በኩል የድርሰቱ ባለቤትነት ሳያከራክር አላለፈም። ዜማው ከቀደምት የማራቢ ሙዚቀኞች ሥራ ጋር ይመሳሰላል የሚሉ ወገኖች ያሉ ሲሆን፣ የሳክስፎን ተጫዋቾቹ የፈጠራ ድርሻ ሊዘነጋ እንደማይገባ የሚያሳስቡም አሉ። ክርክሩ የጋራ ቅርስ በሆነ ሙዚቃ ላይ የአንድ ሰው ፊርማ የት እንደሚጀምር መወሰን ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ያሳያል።

ሁለተኛው ስደትና "ኢካያ"

ጁን 16 ቀን 1976 በሶዌቶ የተማሪዎች ዐመፅ ተቀሰቀሰ፤ የመንግሥት ኃይሎችም በተማሪዎቹ ላይ ተኮሱ። ከዚህ በኋላ አብዱላህ ኢብራሂምና ባለቤታቸው ታግዶ ለነበረው የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ድጋፋቸውን በይፋ በመግለጽ ዳግመኛ ተሰደው መኖሪያቸውን በኒው ዮርክ አደረጉ። ይህ ስደት እስከ 1990 የዘለቀ ነው።

የስደቱ ዘመን ለፈጠራ ሥራቸው የበለጸገ ነበር። ፒያኒስቱ በ1983 "ኢካያ" የተሰኘውን ባንድ አቋቋሙ፤ ቃሉ በደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች "ቤት፣ አገር ቤት" ማለት ነው። የባንዱ አባላት በአብዛኛው አሜሪካውያን ሲሆኑ፣ በ1960ዎቹ የቴሎኒየስ መንክ ድራም መቺ የነበሩት ቤን ራይሊ አንዱ ነበሩ። "ወተር ፍሮም አን ኤንሸንት ዌል" በተሰኘው አልበማቸው ውስጥ ያኔ በእስር ላይ ለነበሩት ለኔልሰን ማንዴላ መታሰቢያ የሆነ ዜማ ይገኛል። በዚሁ አልበም ላይ ያለው "ቱዋን ጉሩ" ደግሞ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሮበን ደሴት ታስረው ለነበሩት ሙስሊም የሃይማኖት መሪ የተሰጠ ነው። ሁለቱ እስረኞች በሁለት መቶ ዓመታት ልዩነት በአንድ ደሴት መታሰራቸው በአንድ ሸክላ ላይ ጎን ለጎን እንዲታወሱ ምክንያት ሆኗል።

ከዚህም በተጨማሪ ፈረንሳዊቷ የፊልም ዳይሬክተር ክሌር ዴኒ በ1988 ላቀረቡት "ሾኮላ" የተሰኘ፣ በቅኝ ግዛት ዘመን በካሜሩን የተመሠረተ ፊልም ሙዚቃ ደርሰዋል። በ1979 ባለቤታቸው ሳቲማ የመሠረቱት "ኢካፓ" የተሰኘ አሳታሚ ድርጅትም የጥንዶቹ ሥራዎች በራሳቸው ቁጥጥር ሥር ሆነው እንዲታተሙ አስችሏል።

የአጨዋወት ስልት

የአብዱላህ ኢብራሂም አጨዋወት በፍጥነትና በጣት ቅልጥፍና የሚመዘን አይደለም። ግራ እጃቸው ዝቅ ባለው የፒያኖ ክፍል አንድ አጭር ሐረግ እየደጋገመ እንደ ከበሮ መሠረቱን ይይዛል፤ ቀኝ እጃቸው በጥቂት ድምፆች ዜማውን ይናገራል። ከቴሎኒየስ መንክ የወረሱት ጎርበጥ ያለ ኮርድና ያልተጠበቀ ዝምታ፣ ከዱክ ኤሊንግተን የወረሱት ሰፊና ሞቅ ያለ የድምፅ አደራደር፣ ከአያታቸው መዝሙር የወረሱት የአራት ድምፅ ቅንብር በአንድነት ይሰማሉ።

የሥራቸው መሠረት የሆነው ማራቢ በ1920ዎቹ አካባቢ በጆሃንስበርግ ያለፈቃድ በሚሠሩ የመንደር መጠጥ ቤቶች ውስጥ የተወለደ ነው። ስልቱ በጥቂት ኮርዶች ዑደት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ሌሊቱን ሙሉ ያለማቋረጥ ለማስጨፈር ያመች ነበር። የከተማ ልሂቃን በአንድ ወቅት ይንቁት የነበረውን ይህን ሙዚቃ ፒያኒስቱ ምቱን ቀስ አድርገው፣ ከጭፈራ ወደ ተመስጦ በማሸጋገር በዓለም አዳራሾች አስከብረውታል።

ብቻቸውን በሚያቀርቡት ትርኢት ከታዳሚው ጋር ሳይነጋገሩ፣ የዜማዎቹንም ርእስ ሳያስተዋውቁ አንድ ሰዓት ያህል ሳያቋርጡ መጫወት ልማዳቸው ነው። የታወቁት ዜማዎች በሙሉ ላይጫወቱ ይችላሉ፤ አንዳንዴ አንዱ ለጥቂት ሐረግ ብቻ ብቅ ብሎ ይሰወራል። በዕድሜ በገፉ ቁጥር ድምፆቹ እየቀነሱ፣ በመካከል ያለው ዝምታም እየሰፋ መሄዱ በሸክላዎቻቸው ላይ በግልጽ ይታያል። ለረጅም ዓመታት የጃፓንን የትግል ጥበብ መለማመዳቸውም ለዚህ ቁጥብነትና ጥሞና አስተዋጽኦ እንዳለው ይነገራል። ከፒያኖ ሌላ ዋሽንትና ሶፕራኖ ሳክስፎን ይጫወታሉ።

ወደ አገር መመለስ

ኔልሰን ማንዴላ በ1990 ከእስር ከተፈቱ በኋላ አብዱላህ ኢብራሂም ወደ ደቡብ አፍሪካ ተመለሱ። በ1991 በኬፕታውን ከአገራቸው ሙዚቀኞች ጋር "ማንትራ ሞድ" የተሰኘ አልበም ቀረጹ። ሜይ 10 ቀን 1994 በተከናወነው የማንዴላ በዓለ ሲመት ላይም ሙዚቃቸውን አቅርበዋል።

በ1999 በኬፕታውን "ኤም ሰቨን" የተሰኘ የሙዚቃ ትምህርት ተቋም መሥርተዋል። የተቋሙ ዓላማ ወጣት ሙዚቀኞችን በሙዚቃ ብቻ ሳይሆን በአካል እንቅስቃሴ፣ በጤናና በተመስጦ ጭምር ማነጽ ነበር። በ2006 ደግሞ የኬፕታውን የጃዝ ኦርኬስትራ እንዲመሠረት ግንባር ቀደም ሚና ተጫውተዋል።

የደቡብ አፍሪካ መንግሥት በ2009 የኢካማንጋ የብር ኒሻን የሸለማቸው ሲሆን፣ የዩናይትድ ስቴትስ ብሔራዊ የኪነ ጥበብ ድጋፍ ተቋም በ2019 "የጃዝ ሊቅ" የተሰኘውን ከፍተኛ ሽልማት አበርክቶላቸዋል። በዚያው ዓመት "ዘ ባላንስ" የተሰኘ አልበም አውጥተዋል። በ2020 በጀርመን አገር በ86ኛ የልደት በዓላቸው አካባቢ ብቻቸውን የቀረጹት "ሶሎትዩድ" በቀጣዩ ዓመት ለአድማጭ ደርሷል። በ2023 በለንደን ባርቢካን ማዕከል በ88 ዓመታቸው ያቀረቡት ሥራም በ2024 መጀመሪያ "ስሪ" በሚል ርእስ ታትሟል። ባለቤታቸው የነበሩት ሳቲማ ቢ ቤንጃሚን በ2013፣ የቀድሞ ባልደረባቸው ሂዩ ማሴኬላ ደግሞ በ2018 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የሚገናኙ ክሮች

ፒያኒስቱ አገራቸውን ለቀው በወጡበት በ1962 ኔልሰን ማንዴላም በድብቅ ከደቡብ አፍሪካ ወጥተው በአዲስ አበባ በተካሄደ የአፍሪካ የነጻነት ንቅናቄዎች ጉባኤ ላይ ንግግር ያደረጉ ሲሆን፣ በኮልፌም ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። ትግሉ በፖለቲካውም በጥበቡም መስክ በስደት መቀጠል የጀመረው በዚያው ዘመን ነው።

የጃዝ ታሪክም ሌላ ማገናኛ አለው። ለደቡብ አፍሪካዊው ፒያኒስት በር የከፈቱት ዱክ ኤሊንግተን በ1973 ከነኦርኬስትራቸው አዲስ አበባ መጥተው ትርኢታቸውን ያቀረቡ ሲሆን፣ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ኒሻን ተቀብለዋል። በዚያ ወቅት የኢትዮ ጃዝ መሥራች የሆኑት ሙላቱ አስታጥቄ ከኤሊንግተን ጋር አብረው ለመሥራት ዕድል አግኝተዋል። ሙላቱ የአገራቸውን ቅኝቶች ከጃዝ ጋር እንዳዋሐዱ ሁሉ፣ አብዱላህ ኢብራሂምም ማራቢንና የኬፕታውንን ምት የጃዝ መነሻ አድርገዋል። ሁለቱም ጃዝን የተቀበሉት እንደ ባዕድ ዕቃ ሳይሆን የአፍሪካን ድርሻ ለመጠየቅ ነው ማለት ይቻላል።

ፋይዳው

አብዱላህ ኢብራሂም በሸክላ ያስቀረጿቸው ሥራዎች ብዛት ያላቸው ቢሆኑም፣ ስማቸው ከሁሉ በላይ የሚነሣው ከአንድ መንደር ጋር ተያይዞ ነው። የዲስትሪክት ሲክስ ነዋሪዎች ተበትነዋል፤ የሰፈሩ ቤቶችም ፈርሰዋል። በ1994 በወጣው የመሬት ማስመለሻ ሕግ መሠረት ከተፈናቀሉት ውስጥ የተወሰኑት ወደ ቦታቸው መመለስ ቢጀምሩም ሥራው አዝጋሚ ሆኖ ቆይቷል። በአንጻሩ በ1974 በአንድ ስቱዲዮ የተቀረጸው ዜማ የሰፈሩን አኗኗርና ድምፅ ሳይበተን ጠብቆ ለትውልድ አስተላልፏል። በደቡብ አፍሪካ የጃዝ መድረኮች ላይ ሳክስፎን የያዘ ወጣት ሁሉ ቀድሞ ከሚለማመዳቸው ዜማዎች አንዱም ይኸው "ማነንበርግ" ነው።